የበረዶ ሞተር ለድሬ ሰማይ

ወንድሜ ከካናዳ፣ ከኤድመንተን የድምፅ መልእክት ላከልኝ። እሱ ዘንድ መሽቷል፣ እኔ ዘንድ ገና መንጋቱ ነው። የባጃጅ ጋራዤን ከፍቼ፣ ሻይ በእጄ ይዤ፣ በር ላይ ቆሜ ሰማሁት። «አቦ፣ ያ ልጅ የሚፈልገውን ሞተር አገኘሁለት። ሮታክስ ነው፣ 503። አሮጌ ስኪዱ ላይ የነበረ። ባለቤቱ በርካሽ ይለቀዋል። ዕቃ ከሚልኩ ልጆች ጋር ተነጋግሬያለሁ፤ እሺ በሉኝና ላሽገው።»

ስኪዱ እሱ ባለበት አገር በረዶ ላይ የሚሮጥ ስኖሞቢል ነው። ያ ልጅ የሚለው የእህታችንን ልጅ ነው። ሃያ ዓመቱ ነው። ሳቢያን ባለው ቤታችን ጓሮ ከአሉሚኒየም ቧንቧ ትንሽ አውሮፕላን መሥራት ከጀመረ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። የክንፉን ጨርቅ ሐረር ድረስ ወስዶ መኪና ግርግር ነው ያሰፋው፤ በስፌት መኪኖች ድምፅ ስሟን ባገኘችው በዚያች ጠባብ መንገድ። ልብስ ሰፊዎቹ «ሰው የሚሸከም ከሆነማ» ብለው ስፌቱን ሦስት ጊዜ ደገሙለት፤ ለሦስተኛው አላስከፈሉትም። መሥራትና ማብረር የተለያዩ ናቸው፤ ያለ ሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ጎማዋ ከመሬት እንደማይላቀቅ ከመጀመሪያው ቀን ተማምለናል። የቀረው ሞተር ነበር።

መልእክቱን አሰማሁት። ፊቱ በራ። «በቃ! አልትራላይት ላይ የሚገጠመው እኮ 503 ነው። ያው ፋብሪካ፣ ያው ቁጥር፣ ያው ሲሊንደር። አንተ ደግሞ ቱ ስትሮክ ታውቃለህ።» ድሬ ላይ አጎትም «አንተ» ነው የሚባለው፤ ባለቤቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ይህን ለመልመድ ዓመት ፈጅቶባታል። የዚያን ቀን ግን «ታውቃለህ» ማለቱ ከበደኝ። ማወቅስ አውቃለሁ። እንዴት እንዳወቅሁ ግን ነግሬው አላውቅም።

መጀመሪያ የልጁን ሐቅ ልስጠው፤ ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አልትራላይት የሚባሉት ቀላል አውሮፕላኖች ራሳቸው በተውሶ ሞተር ነው የተወለዱት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ጆን ሙዲ የሚባል ሰው፣ ሰው ተሸክሞት የሚሮጥ ተንሸራታች ክንፍ ላይ የትንንሽ ውድድር መኪና ሞተር አስሮ ተነሳ፤ ጉልበቱ አሥራ ሁለት ፈረስ ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት ሠሪዎች ዓይናቸውን የጣሉት በረዶ ላይ በሚሮጠው ሞተር ላይ ነው። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ቀላል ነው፣ ቫልቮላ የለውም፣ ከክብደቱ አንጻር ጉልበቱ ብዙ ነው፣ ዋጋውም ከአውሮፕላን ሞተር ዋጋ በብዙ ያነሰ ነው። ኩዩና የሚባለው የሚኒሶታ ሞተር፣ የካዋሳኪዎቹ፣ የሮታክሶቹ 277፣ 377፣ 447 እና 503፣ ሁሉም የዘር ሐረጋቸው በረዶ ውስጥ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1982 እ.ኤ.አ. ለአልትራላይት ደንብ ሲያወጣ ባዶ ክብደቱ ከ115 ኪሎ፣ ነዳጁ ከ19 ሊትር ገደማ እንዳይበልጥ ወሰነ። እንዲህ ላለ ነገር ከባድ ሞተር አይታሰብም።

የእኛም አገር ሰው የተውሶ ሞተር ሞክሯል። አስመላሽ ዘፈሩ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዙሪያ በገዛ እጁ በሠራት አውሮፕላን ላይ የገጠመው የቮልስዋገን ሞተር ነበር። የእህቴ ልጅ የዚያን ሰው ፎቶ አልጋው ራስጌ ለጥፏል። እኔም አከብረዋለሁ።

ስኖሞቢል ለሚባለው ነገር ድሬ ላይ ምሳሌ ማግኘት ይቸግራል። በረዶ ስንል ዝናብ ይዞት የሚመጣውን ጠጠር እንጂ ወራት ሙሉ መሬት ሸፍኖ የሚቆየውን አላየንም። ወንድሜ ሲያስረዳኝ «ከፊት ሁለት የበረዶ መንሸራተቻ፣ ከኋላ እንደ ታንክ ሰንሰለት ያለ ሰፊ የጎማ ቀበቶ፣ መሃል ላይ ሞተር ሳይክል» አለኝ። ስኪዱን በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው የኩቤኩ ጆሴፍ አርማንድ ቦምባርዲየር ነው። ሮታክስ ደግሞ የኦስትሪያ ፋብሪካ ነው፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለስኪዱ ሞተር ሲያቀርብ ቆይቶ በ1970 ያው የካናዳ ኩባንያ ገዛው። ስለዚህ ልጁ «ያው ፋብሪካ» ሲል አልተሳሳተም። 503 ሁለት ሲሊንደር ያለው፣ 497 ሲሲ የሆነ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ ቱ ስትሮክ ነው፤ ስኪዱም ላይ አለ፣ አልትራላይትም ላይ አለ። ቁጥሩ ግን ሞተሩ ምን ሲሠራ እንደሚውል አይነግርህም።

አሁን ወደ ደንገጎ ልሂድ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባታችን የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፤ አንድ ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል ነበረው። አንድ ቅዳሜ ሳላስፈቅድ ወንድሜን ከኋላ አፈናጥጬ ሐረር ሄድን። መሄዱስ ሰላም ነበር። ስንመለስ ከደንገጎ ቁልቁል ጀመርን። ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ተራራው ሜዳው ላይ እንደ ግድግዳ ነው የቆመው። ባቡሩ እንኳ ያንን ግድግዳ አልወጣም፤ ሐዲዱ ሐረርን ትቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እግሩ ሥር ስለቆመ ነው ድሬዳዋ የምትባል ከተማ የተፈጠረችው። እኔ ደግሞ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ፣ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ዘግቼ፣ ማርሹን ሳላወጣ ቁልቁል ለቀቅኋት። ሞተሩ በቸርኬው ኃይል እየተሽከረከረ ይጮኻል። ደስ የሚል ድምፅ ነበር። ከዚያ በአንዴ ዝም አለ፤ የኋላ ቸርኬ ቆመ፤ ተንሸራተትን። ፍሪሲዮኑን ስይዝ ዘግይቻለሁ። የወንድሜ ትከሻ አጥንት ተሰበረ። እኔ ክርኔ ተላጠ፤ ሌላ ምንም።

አባቴ አልመታኝም፣ አልተቆጣኝም። ወንድሜን አሳክሞ ከተመለሰ በኋላ ማታውኑ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ፈታና ፒስተኑን አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው። በጭስ መውጫው በኩል ያለው ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፤ ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ቦታው ላይ ተጣብቋል። «የዚህ ሞተር ዘይት የሚመጣው ከየት ነው?» አለኝ። ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ፣ አልኩት። «ታዲያ ቤንዚኑን ስትዘጋበት ምን ጠጥቶ ይሽከርከር?» ከዚያ በኋላ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተናገረም።

ያ ጥያቄ ነው በእኔና በልጁ መካከል የቆመው። ቱ ስትሮክ ዘይቱን ከነዳጁ ጋር ነው የሚጠጣው፤ 503 ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ይፈልጋል። የሚቀዘቅዘውም በከፊል በነዳጁ ነው። ስለዚህ ሕይወቱ ያለው በቤንዚንና በአየር ልክ ውስጥ ነው፤ ልኩ ከተዛባ ፒስተኑ ይግልና ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። ይህ የበረዶውም የሰማዩም ሞተር ጠባይ ነው። የሚለያቸው እያንዳንዱ ወደዚያ ጫፍ ስንት ጊዜ እንደሚጠጋና ሲደርስበት ከበታቹ ምን እንዳለ ነው።

የበረዶው ሞተር እንዴት እንደሚውል ወንድሜን ጠየቅሁት። «ትሰጠዋለህ፣ ትለቀዋለህ፣ ትሰጠዋለህ፣ ትለቀዋለህ» አለኝ። ዛፍ ይመጣል፣ ጉብታ ይመጣል፣ መታጠፊያ ይመጣል፤ ሰው ሻይ ሊጠጣ ይቆማል። ሞተሩ በየመሃሉ ይተነፍሳል፤ ያለበትም አየር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ቀበሌ እንደሚያመላልስ ባጃጅ ነው። አውሮፕላን ላይ እንዲህ ያለ ዕረፍት የለም። ሲነሳ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ሲወጣ ሳያቋርጥ ይሰጣል፣ ከፍታውን ይዞ ሲጓዝም ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለሰዓት ያህል ሳይቀንስ ይሰጣል። ደንገጎን ሰው ጭኖ፣ አንዴም ሳይቆም፣ ቀኑን ሙሉ ሽቅብ የሚወጣ ባጃጅ አስቡ። ሮታክስ ለአውሮፕላኑ 503 በ300 ሰዓት ሙሉ እድሳት እንዲደረግለት ያዘዘው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። 300 ሰዓት ማለት ለእኔ ደንበኞች አንድ ወር ነው፤ አንድ ባጃጅ በቀን አሥር ሰዓት ይሠራል።

ቀጥሎ ጉልበቱ የሚወጣበት መንገድ አለ። ልጁን ለማስረዳት ብዙ የደከምኩት እዚህ ላይ ነው፣ እኔንም የሚማርከኝ ይህ ነው። ስኖሞቢል ካምቢዮ የለውም። ኮሎው፣ ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ሁለት ሾጣጣ ሳህኖች አሉ፣ በመካከላቸው ቺንጋ ያልፋል። ሞተሩ ሲፈጥን ውስጥ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ ይገፉና ሳህኖቹን ያቀራርባሉ፤ ቺንጋው ወደ ላይ ይወጣል፤ ማርሹ ራሱን ይቀይራል። አውቶማቲክ ስኩተር የፈታ ሰው ያውቀዋል። የዚህ ትልቁ ጥቅም ሞተሩ ጉልበቱ ከፍ በሚልበት ጠባብ የዙር ክልል ውስጥ ሁልጊዜ መቆየቱ ነው። ስለዚህ የበረዶ ሞተር ሠሪ ያንን ጠባብ ቦታ አሹሎ አሹሎ፣ በደቂቃ ሰባትና ስምንት ሺህ ዙር ላይ ጉልበቱን ቢሰበስበው አይጎዳም፤ ከዚያ በታች ያለውን ድክመት ቺንጋው ይሸፍንለታል። ማርሚታውም የተቃኘው ለዚያች ቦታ ነው።

ፕሮፔለር እንዲህ አያባብልም። ሸክሙ የሚጨምረው በዙሩ ኩብ ልክ ነው፤ ፍጥነቱን በግማሽ ብትቀንስ የሚፈልገው ጉልበት ከስምንት እጅ ወደ አንድ እጅ ይወርዳል። ልጁ ፕሮፔለሩን በቀጥታ ኮሎው ላይ ልግጠም ብሎ ነበር። ወረቀት አውጥተን አሰላን። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 6500 ቢዞር ጫፉ በሰከንድ 510 ሜትር ይሄዳል፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ገደማ ነው የሚሄደው። ጫፉ ድምፅን ሲቀድም መጎተቱን ትቶ ጩኸትና ሙቀት ነው የሚያመርተው፤ እንጨቱም አይችለውም። ለዚህ ነው አውሮፕላኑ 503 ላይ ማርሽ ሳጥን የሚታሰረው። በ2.58 ቢከፈል ፕሮፔለሩ 2500 ገደማ ይዞራል፣ ጫፉም ወደ 200 ሜትር ይወርዳል።

ማርሽ ሳጥኑ ሌላም ነገር ይሸከማል። ፕሮፔለሩ አውሮፕላኑን ወደፊት ሲጎትት ያ ጉተታ የሚያርፈው ሳጥኑ ውስጥ ባለው ኩሽኔታ ላይ ነው። የስኪዱ ኮሎ የለመደው ቺንጋው ወደ ጎን ሲስበው ብቻ ነው። ከዚያም እያንዳንዱ የሲሊንደር ፍንዳታ ትንሽ ምት ናት። በረዶው ላይ ያንን ምት የላስቲኩ ቺንጋ ይውጠዋል። ሰማይ ላይ ብረት ከብረት ጋር ነው የተጋጠመው፤ በአንድ ጫፍ የሚመታ ፒስተን፣ በሌላው ጫፍ መዞሩን መተው የማይፈልግ ከባድ ፕሮፔለር። መሃሉ ላይ ድንጋጤውን የሚያለዝብ ነገር ከሌለ ማርሹ ይንኳኳል፣ ውሎ አድሮም ኮሎው ይጠመዘዛል። እነዚህን ሞተሮች ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳትጨምሩላቸው ሲዞሩ፣ ከ2000 ዙር በታች አታውርዱ የሚባለው ለዚያ ነው፤ በዝግታ ሲዞሩ ምቶቹ ይራራቃሉ፣ ሳጥኑ ይንገጫገጫል።

ስለ ካንዴላው አጭር ነው። የበረዶው ሞተር በየሲሊንደሩ አንድ ካንዴላ አለው። የአውሮፕላኑ 503 ኋላ ላይ በመጣው ዓይነቱ ሁለት ሁለት አለው፤ የእሳት መስመሮቹም አንዱ ከሌላው ነፃ ናቸው። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት አንዱን ያጠፋል፣ ሞተሩ በሌላው ብቻ መሄዱን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ሌላውን። ጋራዤ ከሚመጡ ባጃጆች ስንቱ በካንዴላ ምክንያት ተገፍቶ እንደሚደርስ የማየው እኔ ነኝ። ባጃጅ ይገፋል።

አየሩን ደግሞ እንደ ድሬ ልጅ ልናገረው። የወንድሜ ከተማ 670 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በክረምት አየሩ ቀዝቃዛና ጥቅጥቅ ያለ ነው። የእኛ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 1167 ሜትር ይሆናል። ቀትር ላይ ሙቀቱ 35 ሲደርስ ሞተር የሚስበው አየር በመደበኛው ስሌት 2100 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘውን ያህል ሳስቶ ነው። ሐረር የቆመችው 1885 ሜትር ላይ ነው። እንግዲህ ድሬ ሜዳ ላይ ሆና፣ በቀትር፣ ለሞተር ሐረር ከቆመችበት ከፍታ በላይ ትወጣለች። ይህን ስነግረው ልጁ ሦስት ጊዜ አሰላው። በኤድመንተን ብርድ ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር የእኛ አየር ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ይጎድለዋል፤ እዚያ 50 ፈረስ የሚሰጥ ሞተር እዚህ 39 ያህል ነው የሚሰጠው። ፕሮፔለሩም ክንፉም የሚይዙት ያንኑ ሳሳ ያለ አየር ነው። ካርቡራቶሩም ለዚያ ብርድ እንደተለካ ከመጣ እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል። ለእኛ ቀትር አሳንሰህ ብትለካው ደግሞ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ያ ነው ፒስተን የሚበላው።

እነዚህን ሞተሮች የሚያበርሩ ሰዎች የጭስ መውጫውን ሙቀት በዓይናቸው እያዩ ነው የሚያበርሩት። ለ503 ጣሪያው 650 ዲግሪ ነው፤ የቴስታታው ደግሞ 250። አንዱን ነገር ሳነብ ደንገጎ ላይ ተመለስኩ። አብራሪው ከከፍታ ሲወርድ ቤንዚኑን ግማሽ ድረስ ይቀንሳል፤ ንፋሱ ፕሮፔለሩን ይገፋል፤ ሞተሩ ሸክም ይቀልለዋል፤ የሚያገኘው ነዳጅ ለዙሩ ያንሳል፤ የጭሱ ሙቀት ሽቅብ ይወጣል። እኔ በቸርኬ ያደረግሁትን እሱ በፕሮፔለር ያደርገዋል። ቁልቁሉ ሁሉም ሰው ሞተሩ ያረፈ የሚመስለው ጊዜ ነው። ያኔ ነው ሞተሩ ጉሮሮው የሚደርቀው።

ሮታክስ ራሱ ይህን አልደበቀም። በእነዚህ ቱ ስትሮክ ሞተሮች መመሪያ ላይ ሞተሩ በአሠራሩ ድንገት ሊቆም እንደሚችል፣ ያለ ሞተር በሰላም ማረፍ በማይቻልበት ቦታና ከፍታ እንዳይበረር በግልጽ ጽፏል። ለእኔ ይህ የሚያስከብር ጽሑፍ ነው። ያው ፋብሪካ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው 912 ግን ከመጀመሪያው ለአውሮፕላን የታሰበ ፎር ስትሮክ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ ዘይቱ ከቤንዚን የተለየ፣ የእድሳት ጊዜው አሁን 2000 ሰዓት የደረሰ። ዋጋው ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ልጁም ያውቃል። የበረዶ ሞተር ሰማይ ላይ አይሆንም ብዬ ግን አልደመድምም። የያማሃን ፎር ስትሮክ የስኖሞቢል ሞተሮች ማርሽ ሳጥን ሠርተውላቸው የሚያበርሩ ሰዎች አሉ። የደከሙበት ነገር ግን ሞተሩን መግጠሙ አልነበረም፤ ለሰማይ ሥራ እንደገና ማስተማሩ ነበር።

ማታ ልጁን ጠርቼ የደንገጎን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ፒስተኑ አሁንም አለኝ፤ የመፍቻ ሳጥኔ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። አውጥቼ ሰጠሁት። የተቧጨረውን ጎን በአውራ ጣቱ ደጋግሞ ዳሰሰው። «የአጎቴ ትከሻ ታዲያ በዚህ ነው?» አለኝ። በዚህ ነው፣ አልኩት። ብዙ ሳይናገር ቆየና «ታዲያ መሬት ላይ እናስተምረው» አለ።

ለወንድሜ መልእክት ላክን። ሞተሩን ከነቺንጋውና ከነሳህኖቹ ይላክልን፤ ከብረት መቆሚያ ሠርተን ጓሮ ላይ እንተክለዋለን። ሁለት የጭስ ሙቀት መለኪያ፣ ሁለት የቴስታታ ሙቀት መለኪያ፣ ቤንዚኑን የሚለካው የካርቡራቶር ጂግለርም በየቁጥሩ ይጨመርበት። ሃምሳ ሰዓት መሬት ላይ፣ በጠዋትም በቀትርም እናሠራዋለን፤ እያንዳንዱን ሰዓት ልጁ ይመዘግባል። አውሮፕላኗ ያለ ሞተር ትጠብቃለች።

መልሱ ሌሊት መጣ። ወንድሜ ስለ ዋጋውና ስለ ማሸጊያው ተናግሮ ሲያበቃ «እዚህ ዛሬ ከዜሮ በታች 27 ነው፤ እናንተ ጋ ስንት ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ግድግዳው ላይ ያለውን ቴርሞሜትር በስልኩ መብራት አየው። ሃያ ዘጠኝ። መልስ ከመላኩ በፊት ወረቀቱን ስቦ ማስላት ጀመረ።